ከመሠዊያው በፊት የሚጻፍ ደብዳቤ



ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ቢያስታውስ፣ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል። ቃሉን ሁላችንም ሰምተነዋል። ሆኖም በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በእርሻ ወሰን ወይም በውርስ ተጣልተው ለዓመታት ሰላምታ ሳይለዋወጡ የሚኖሩ ወንድማማቾች እንዳሉ እናውቃለን። ስለዚህ ከሩቅ አገር የተገኘ አንድ የእርቅ ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት አምስት ሰዎች መካከል ነበሩ። ወዳጆችም ነበሩ፤ ሥልጣን ግን ለያያቸው። በ1800 በተደረገው ምርጫ ጄፈርሰን ሲያሸንፉ፣ ፕሬዚዳንት የነበሩት አዳምስ የተተኪያቸውን በዓለ ሲመት ሳይጠብቁ በማለዳ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ዝምታ ሆነ። የሁለቱም ወዳጅ የነበሩት ሐኪሙ ቤንጃሚን ራሽ፣ እንደ እኛ አገር ሽማግሌ ወዲያና ወዲህ እየጻፉ ለመኗቸው። አዳምስ ጃንዋሪ 1 ቀን 1812 አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ጄፈርሰንም በዚያው ወር መለሱ። እስከ 1826 ድረስ 158 ደብዳቤዎች ተጻጻፉ፤ 109ኙ የአዳምስ ናቸው። ለአንዱ አራት ቢጽፉ እንኳ ጄፈርሰን እንዳያሳስባቸው አዳምስ ነግረዋቸው ነበር።

ፈተናው የመጣው በ1823 ነው። አዳምስ በቂም ሳሉ ለሌላ ሰው የጻፏቸው፣ ጄፈርሰንን የሚነቅፉ አሮጌ ደብዳቤዎች ታትመው ወጡ። የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ጄፈርሰን ግን ኦክቶበር 12 ቀን፣ በዚህ ምክንያት የረጅም ዘመን ወዳጅነታቸው እንደማይናወጥ ገልጠው ጻፉ። ደብዳቤው በአዳምስ ቤት በቁርስ ማዕድ ላይ በቤተ ሰቡ ፊት ተነበበ።

በእኛም ዘንድ እርቅ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ደክመው ያስታረቁትን፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር አመላላሽ መጥቶ «ያን ጊዜ እኮ እንዲህ ብሎህ ነበር» ሲል ይበትነዋል። የተባለውም እውነት ሊሆን ይችላል! ነገር ግን ይቅር ያልነው በጆሯችን የሰማነውን ብቻ ነበርን? በቂም ዘመን ከኋላችን የተነገረውስ?

እነዚህን ሰዎች እንደ ቅዱሳን አናቀርባቸውም። በምስጢረ ሥላሴ አላመኑም። ጄፈርሰን በዕድሜ ዘመናቸው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘዋል፤ ለወዳጃቸው የተዘረጋው እጅ ለእነዚያ አልተዘረጋም። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ወንጌልን እናጎድላለን።

አዳምስ በእርጅናቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውም እየደከመ ስለ ሄደ፣ ቃላቸውን የሚጽፉላቸው ሌሎች ነበሩ። በየቁምስናው የምታገለግሉ መምህራን ሆይ፣ ፊደል ያልቈጠሩ፣ ልጃቸው ተቀይሞ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደባቸው፣ ስልክ ቢደውሉም የማያነሣላቸው እናቶችና አባቶች በመካከላችሁ አሉ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አጠገባቸው እንድትቀመጡ እንለምናችኋለን።