ሞተሩ የቱ ነው?

አንድ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ባለቤት አለ እንበል። መኪናው ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ የራዲያተሩ ውሃ አልቆ ሞተሩ ይግላል፤ ሾፌሩ ዳር ይዞ እስኪያቆም ድረስ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ጋራዥ ተጎትቶ ሲፈታ ብሎኩ፣ ኮሎውና ፒስቶኖቹ ደህና ሆነው ይገኛሉ። ባለቤቱ ለአዲስ ቴስታታ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ የቤቱ ወጪ አብሮት አይቆምም። መካኒኩ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሲጠይቅ የዚያኑ ሞተር ቴስታታ ያጣል፤ የዘመዱ ግን አለ። ይገዛል፣ ያስተካክላል፣ ይገጥማል። ሚኒባሱ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይገባል። ዓመት ሳይሞላው ባለቤቱ መኪናውን ይሸጣል። ገዢው ሊብሬውን ይዞ የሞተሩን ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር ያስተያያል፤ አንድ ነው። ስለ ቴስታታው ሻጩ አልተጠየቀም፣ አልተናገረምም። ይህ ሰው ዋሽቷል ወይ?

መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የተሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር በዋናነት ሁለት አካል ነው። ታችኛው ብሎኩ ሲሆን ሲሊንደሮቹን፣ ፒስቶኖቹንና ኮሎውን ይይዛል። ላይኛው ቴስታታው ነው፤ አየር የሚገባው፣ ጭስ የሚወጣው፣ ቫልቮላዎቹም የሚከፈቱትና የሚዘጉት በእርሱ ነው። ቃሉ ከጣሊያኖች የተወረሰ ሲሆን በቋንቋቸው «ቴስታ» ማለት ራስ ማለት ነው። ብሎኩ በአብዛኛው ከብረት፣ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ፣ ሙቀት ሲበዛ ቀድሞ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው ራሱ ነው። ብዙ ብሎክ ራሱን ቀብሮ ይኖራል። በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ በናይሮቢው ኪሪኛጋ መንገድ ያገለገለ ቴስታታ ፈላጊ የማያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞተር ዝምድና ሲባልም ዘይቤ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ሕዝብና ጭነት ያመላለሱትን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ብንወስድ፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስቱም አራት ሲሊንደር አላቸው። የ2ኤል ሲሊንደር ስፋቱ 92 ሚሊ ሜትር፣ የ3ኤል 96፣ የ5ኤል 99.5 ነው። የሞተሩ ጠቅላላ መጠንም በዚያው ልክ ከ2446 ወደ 2779፣ ከዚያም ወደ 2986 ሲሲ ያድጋል። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መሳሳቡም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ መመሳሰል መስማማት አይደለም። መካኒኩ የ3ኤል ብሎክ ላይ የ2ኤል ቴስታታ ሊያስቀምጥ ቢነሣና ከቴስታታው ጋር አብሮ የተሸጠለትን ጓርኒሲዮን ቢያነጥፍ፣ የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከሲሊንደሩ አፍ በዙሪያው ወደ ውስጥ ይገባል። በእነዚህ ሞተሮች ፒስቶኑ ሲወጣ ከብሎኩ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ስለሚል፣ ወደ ውስጥ የገባው ጠርዝ እሳት ብቻ ሳይሆን የፒስቶን ምትም ይጠብቀዋል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚቀጣጠለው አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ነው። በቴስታታው ውስጥ ያለው የማቃጠያ ክፍል ለአነስተኛው ሲሊንደር የተለካ ከሆነ ጭመቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል፤ ለትልቁ የተለካው ለትንሹ ሲገጠም ደግሞ ጭመቱ ወርዶ ጠዋት አልነሣም ይላል። ስሙ እንኳ የማያስተማምንበት ጊዜ አለ፦ ቀደም ያለው 2ኤል ቫልቮላውን የሚገፋው በክንድ ነው፤ በኋላ የመጣው በቀጥታ ነው። ሁለቱም 2ኤል ይባላሉ።

ይህን ሁሉ ለክቶ፣ መርጦና አስተካክሎ የሚገጥም መካኒክ አለ። ሳይለካ የሚገጥምም አለ። ሁለቱም ሞተሩን አስነሥተው ያስረክባሉ፤ በዚያ ቀን ጆሮ አይለያቸውም።

እንግዲህ ይህ ሞተር 3ኤል ነው ወይስ 2ኤል? ፈላስፎች የዚህ ዓይነቱን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲያነሡት ኖረዋል። አቴናውያን የቴሴውስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስለ ኖሩ፣ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ የሚል ክርክር እንደ ነበረ ፕሉታርክ ጽፏል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን አከበደው፦ የወለቁትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች የቴሴውስ የትኛው ነው? በቡድሂስቶች ዘንድ ደግሞ መነኩሴው ናጋሴና ለንጉሥ ሚሊንዳ ሠረገላው መንኮራኩሩ እንዳልሆነ፣ አክሱሉም እንዳልሆነ አንድ በአንድ እያሳየ «ሠረገላ» የሚባለው የመጠሪያ ስም እንጂ ከክፍሎቹ አንዱም እንዳልሆነ አስረድቶታል። ሶማሌ ተራ ለሚውል ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

በሞተሩ ጉዳይ ግን ከመርከቡ የሚለይ ነገር አለ። የመርከቡ ሳንቃ የሚተካው በተመሳሳዩ ነው፤ እዚህ የተተካው በሌላ ነው። መንግሥት ለጥያቄው የራሱ መልስ አለው፦ ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ብሎኩ ነው። የኢትዮጵያው ሊብሬም ሆነ የኬንያው ሎግቡክ የሚመዘግቡት ይህንኑ ቁጥር ነው። ለቀረጥና ለስርቆት ቁጥጥር በቂ መልስ ነው። ለሾፌሩ ግን አይበቃም፤ እርሱ ሞተሩን የሚያውቀው በአተነፋፈሱ ነው፣ አተነፋፈሱን የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ቴስታታው ነው።

ከሁለቱ ይልቅ ብረቱ ራሱ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። በብዙ ሞተሮች አልቤሮካሙን አቅፈው የሚይዙት ክዳኖች ከቴስታታው ጋር ታስረው በአንድነት የተቦረቦሩ ናቸው። ስለዚህ ቦታቸው አይለዋወጥም፤ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ቴስታታዎች እንኳ ቢገኙ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። ቴስታታውና ብሎኩ ግን ከመጀመሪያው ተለያይተው የተሠሩ፣ በጓርኒሲዮንና በቡሎን የተገናኙ ናቸው። በፋብሪካም ቢሆን አንድ ያደረጋቸው የአንድ ሠራተኛ እጅ ነው። እንዲህ ከሆነ ጋራዥ ውስጥ ሌላ እጅ ሌላ ራስ ቢገጥም በብረቱ ተፈጥሮ ላይ የተሠራ በደል የለም። የተደባለቀ ሞተር ሐሰተኛ ሞተር አይደለም። የፋብሪካው ሞተር ግን አንድ ነገር አለው፤ ከምንና ከምን እንደ ተሠራ የሚናገር ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል። የጋራዡ ሞተር ጽሑፍ የሠሪው ትዝታ ብቻ ነው።

ወደ ሻጩ ስንመለስ፣ የሮማው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት «ስለ ግዴታዎች» በጻፈው ሥራ ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ የእርሱን ጉዳይ የሚመስል ክርክር ይገኛል። አንድ ሰው ለጤና የማይስማማና እንጨቱ የተበላሸ ቤት አለው፤ ጉዳቱን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሳይናገር ቢሸጠው በደለ ወይ? የባቢሎኑ ዲዮጋን ሻጩ ግዛ ብሎ አላስገደደም፣ ዝም ማለትም መደበቅ አይደለም ብሎ ይከራከራል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን ዝም ያለው ሰው መንገድ ለጠፋው እያወቀ እንደማያመለክት ሰው ነው ይላል። ሲሴሮ ከተማሪው ጋር ይቆማል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የምታውቀውን ሌላው እንዳያውቅ የፈለግኸው ባለማወቁ ለማትረፍ ከሆነ፣ ያ መደበቅ ነው።

የጋራዥ ሰው የሚመልሰው መልስ ዲዮጋንን ሳያነብም የታወቀ ነው። ያገለገለ መኪና ያልተነካካ የት አለ? ገዢው መካኒክ ይዞ አይመጣም ነበር? ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፦ «ተቀላቅሏል» ያለ ሻጭ ዋጋው ይወርድበታል፣ ዝም ያለው ጎረቤቱ ግን ሙሉውን ይቀበላል። ይህን ክርክር ማናናቅ የድሃን ኑሮ አለማወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ነገር ግን ተለክቶ የተገጠመና ደህና የሚሠራ ቴስታታ ጉድለት ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ማግኘት ያስቸግራል። ሞተሩ ይሠራል። ታዲያ ምን ተደበቀ?

የተደበቀው ጉድለት ሳይሆን ዕውቀት ነው፤ ዕዳውም የሚወድቀው በገዢው ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ያንን ሞተር የሚፈታ ሌላ መካኒክ አለ። ሻጩን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስለ ታችኛው አካል እውነት፣ ስለ ላይኛው ሐሰት ይነግረዋል። በቤንዚን ሞተሮች በኩል ፍጥነት የሚወዱ ወጣቶች የ7ኤ ብሎክ ላይ የ4ኤ-ጂኢ ቴስታታ ይገጥማሉ፤ ሁለቱም ሲሊንደራቸው 81 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቶዮታ ግን እንዲህ ያለ ሞተር ሠርቶ አያውቅም። የ7ኤ ብሎክ ቁመቱ ስለሚበልጥ የ4ኤ ታይሚንግ ቺንጋ ያጥረዋል። ሠሪው ይህን ያውቃል። መንገድ ላይ ቺንጋ የተበጠሰበት ሦስተኛው ባለቤት ከየት ይወቀው?

ነገሩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዷን ካስታወቀች በኋላ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት ከቀድሞውም ይልቅ የግድ ሆኗል። አሮጌ ሞተር የሚቆየው ደግሞ በዘመዶቹ አካል ነው።

ጥንቁቅ መካኒክ የሚያደርገው ትንሽ ነገር አለ። በቴስታታው ጎን፣ ሙቀት ቀለሙን በማይበላበት ቦታ፣ የየትኛው ሞተር እንደ ሆነ ይጽፋል ወይም በብረት ፊደል ይመታል፤ የገጠመውን ጓርኒሲዮን ዓይነት በወረቀት ከሊብሬው ጋር ያስቀምጣል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሻጩን ዋጋ መቀነሱ ግን አይቀርም፤ የሚቀንሰውም ልክ ዝምታው ሊያተርፍለት የነበረውን ያህል ነው።

የሚኒባሱ ሁለተኛ ባለቤት መኪናው ጭስ አብዝቶበት ጋራዥ ያስገባዋል። መካኒኩ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የ3ኤል ቫልቮላ ግዛ ብሎ ረዳቱን ይልካል። የመለዋወጫ ሻጩ ወረቀቱን አይቶ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት ይጠይቃል፦ «ብሎኩስ ይሁን፤ ቴስታታው የምንድን ነው?» ረዳቱ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፤ መካኒኩ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ባለቤቱ የሻጩን ቁጥር ይፈልግ ጀመር።