ቁልፉ የማን ነው?

«አገርህ ግባ» ማለት ቀላል ነው። ሰውየው የሚገባበት ቤት ከሌለውስ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት መርከብ ናት።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1947 ኤክሶደስ የተባለች አሮጌ መርከብ ከ4,500 በላይ አይሁዶችን ጭና ከደቡብ ፈረንሳይ ወደ ፍልስጤም ተነሳች። አብዛኞቹ ከናዚ እልቂት የተረፉ ነበሩ። ያኔ ፍልስጤምን የምታስተዳድረው እንግሊዝ ነበረች፤ ባሕር ኃይሏ መርከቧን በጉልበት ያዘ፣ በግብግቡ ሦስት ሰው ሞተ። ተሳፋሪዎቹ ሃይፋ ላይ ወርደው በሌሎች ሦስት መርከቦች ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ። እዚያ ሲደርሱ አብዛኞቹ «አንወርድም» አሉ። በዚያ ሙቀት መርከብ ውስጥ ታፍነው ሳምንታት ቆዩ። በመጨረሻ የት ተወሰዱ? ሃምቡርግ። ጀርመን! እንደገና አጥር ያለው ካምፕ።

«ለምን ወደየመጡበት አልተመለሱም?» የሚል አይጠፋም። የተመለሱ ነበሩ እኮ። ፖላንድ ከገቡት ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ሲኖር አገኙ። ኪየልትሴ በምትባል ከተማ ደግሞ በ1946፣ ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ፣ 42 አይሁዶች ተገደሉ። አሜሪካም ብትሆን በ1948 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ከ1945 መጨረሻ በኋላ ካምፕ የደረሱትን ስለማይቀበል ብዙ አይሁዶችን ደጅ አስቀርቷል።

ድሮ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆመው ነበር። አገር ይገባቸዋል፣ አለቀ። ዛሬም ይገባቸው ነበር እላለሁ። ግን በ1948ቱ ጦርነት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ሸሹ፣ ተባረሩ። ጃፋ ላይ ጥለዋቸው የሄዱት ቤቶች ውስጥ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ገቡ። የተበደለ ሰው ካሳ ይገባዋል፤ ካሳው ግን ከበዳዩ ኪስ ነው መውጣት ያለበት። እዚህ ግን በዳይዋ አውሮፓ፣ ከፋዩ የጃፋ ሰው። ሒሳቡ አልገጥም ይለኛል።

ይህን ፍርድ መርከቧ ላይ ልጅ ታቅፋ ለተቀመጠች እናት መጫን ግን አልችልም። የሷ ጥያቄ ዛሬ ማታ የት እናድራለን ነው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጃፋውን ቁልፍ ሲሰጡኝ እቀበል ነበር። ልጄን አስተኛ ነበር። ከዚያ ጓዳ ስገባ የሰው ድስት፣ የሰው ስኒ አገኛለሁ።

በነጋታው ባለቤቱ መጥቶ ቢያንኳኳስ?