ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት ሰንበት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ከሊቃውንት የሰማሁትን ሳይሆን በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ያደግሁት ጫጫ ነው። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትጓዙ፣ ደብረ ብርሃን ሊደረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምታገኟት፣ ብርዷ የታወቀ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ዳር ያደገ ልጅ ተሳላሚ ሲያልፍ እያየ ያድጋል። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን፣ ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሄደው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ በደጃችን ያልፋል። እናቶች ውኃና ቆሎ ይዘው ይወጣሉ፣ የመሸበትን ያሳድራሉ፣ እግሩን ያጥባሉ። እኔም በልጅነቴ ስንቱን እግር አጥቤአለሁ።

የአክስቴ ልጅ በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ እናቷን የምትጦር፣ ታናናሾቿን የምታስተምር እኅታችን ናት። ስትሄድ፣ “በሰላም መልሰሽ የእናቴን ዓይን ብታሳዪኝ ከደጃችን ተነሥቼ በእግሬ መጥቼ እሳለምሻለሁ” ብላ ለጻድቃኔ ማርያም ተስላ ነበር። እመቤታችንም አላሳፈረቻትም። በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ለአጭር ፈቃድ መጣች። ስእለቷን ሳታደርስ መመለስ አልፈለገችምና ረቡዕ መጋቢት 18 ቀን ከጫጫ ተነሣን። እኔ፣ እርሷና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነበርን።

ሦስት ቀን ሄድን። ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ሰላ ድንጋይ አቅጣጫ ስናቀና ብርዱ ያንገበግባል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ግንባር ይልጣል። የእርሷ እግር ለዓመታት የለመደው የቤት ውስጥ ንጣፍ ነውና በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። በነጠላ ጠርዝ ጠቅልላው ሄደች። “መኪና እንያዝ?” ስላት፣ “ስሳል በመኪና አላልኩም” አለችኝ። ዓርብ ማታ ከደጇ ደረስን። ቅዳሜ መጋቢት 21 የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነበርና አስቀድሰን፣ ጠበሉን ጠጥተን፣ እምነቱን ተቀብተን፣ ከቀትር በኋላ በመኪና ወደ ጫጫ ተመለስን። ከመኪና ስንወርድ እንደ ሽማግሌ ተደጋግፈን ነበር። ልባችን ግን ደስ ብሎታል፤ “ተፈጸመ፣ አለቀ” አልን።

አውሮፕላኗ እሑድ ነው። ቲኬቱን አንብቤ ሰዓቱን ለቤተሰቡ የነገርኩት እኔ ነበርኩ። በቤታችን ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ነኛ! ወረቀቱ 4:30 ይላል። እኔም “ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ነው” አልኩ። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ መንገዱም እንዲሁ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንድንነሣ አንድ የሰፈራችንን የሚኒባስ ሾፌር አነጋግሬ ነበር። አክስቴ ሽሮ አቀረበች፣ በልተን እግራችንን በሞቀ ውኃ ነክረን ተጋደምን። እንቅልፉ እንደ ድንጋይ ነበር።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ነው። ሊተኛ ሲል ነገሩን ለማረጋገጥ ነው የደወለው። “ዲያቆን፣ የተቆረጠው ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ?” አለኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የወረደብኝን ላብ አልረሳውም። ቲኬት በሀበሻ ሰዓት አይጻፍም! በፈረንጅ 4:30 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ከጫጫ ልንነሣ ባሰብንበት ደቂቃ አውሮፕላኑ ከቦሌ ሊነሣ ነው። የመመለሻ ቪዛዋ ደግሞ በዚያው እሑድ ያበቃ ነበር። ካመለጣት ሥራዋ ሄደ፤ የእናቷ መድኃኒት ሄደ፤ የልጆቹ ትምህርት ሄደ። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው እኔ በራሴ አቆጣጠር ባነበብኳት አንዲት መስመር ላይ ነበር።

ቀሰቀስኳት። አልተቆጣችኝም፤ “ማርያምን!” አለችና በባዶ እግሯ ወደ ሻንጣዋ ሮጠች፤ ያበጠ እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ ነበርና። ሾፌሩ እራቱን ትቶ መጣ። ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን በጨለማ አልፈን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ቦሌ ደረስን።

እዚያ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ሻንጣዋን እስከ በሩ ተሸከምኩላት፤ ከበሩ ወዲያ ግን ፓስፖርቱ በስሟ፣ ቲኬቱም በስሟ ነው። የእናቷ እንባ፣ የእኔ ዲቁና፣ የሾፌሩ ደግነት ከበሩ ቀረ። ብቻዋን ገባች። በኋላ ደውላ፣ “ገብቻለሁ፤ አንተ ግን ዲያቆን፣ ሰዓትህን አስተካክል” አለችኝ።

እየሳቀች ነበር ያለችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደ ስብከት እሰማዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ጫጫ ተመልሼ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ተራዬ ስላልነበር ከምእመናን መካከል ቆምኩ። ዕለቱ ደብረ ዘይት ነውና ስለ ጌታችን ምጽአት የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል 24ኛው ምዕራፍ ተነበበ። ስንት ዓመት የሰማሁትን ወንጌል እግሬ እያመመኝ ያን ቀን ገና መስማት ጀመርኩ። ያገኘሁትን ሦስት ነገር ላካፍላችሁ።

1. ሰዓቱ በባለቤቱ አቆጣጠር ነው

እኔ ቲኬቱን አላጠፋሁም፣ ቀኑንም አልረሳሁም። ቁጥሩንም በትክክል አንብቤአለሁ። የተሳሳትኩት በራሴ ሰዓት ስለ ቆጠርኩ ነው። እኛስ ከእግዚአብሔር ጋር እንዲህ አይደለንም? “ንስሐ እገባለሁ” ያላለ ማን አለ? ግን “ልማርና፣ ላግባና፣ ልጆቼን ላሳድግና፣ ጡረታ ልውጣና” እያልን ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እናስቀምጠዋለን። ጌታ ግን ባለቤቱ በማታ ወይም በእኩለ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ ወይም በጠዋት እንደሚመጣ አናውቅምና እንድንተጋ አስጠንቅቆናል (ማር. 13፥35)።

ደግሞ የሚገርመው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚጀምረው ከማታው ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረትም ማታው ከጠዋቱ ይቀድማል (ዘፍ. 1፥5)። እኛ ቅዳሜ ማታ አልጋ ስናነጥፍ እሑድ ገብቶ ነበር። ዲያቆኑ ግን ነገ ነው እያለ ይተኛል!

2. ከደከሙበት በጎ ሥራ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ

የተኛነው ከስካር ወይም ከጭፈራ መጥተን አይደለም፤ ከስእለት ነው። ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። ኃጢአት ሠርቶ የተኛ ሰው ኅሊናው ይቆረቁረዋል፤ በጎ ሠርቶ የተኛን ግን ማን ይቀሰቅሰዋል? ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ካሳፈረ በኋላ በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ተኛ። መልአኩ ግን ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጥቶ ገና ሩቅ መንገድ እንደሚቀረው ነገረው። ኤልያስም በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀን ሄዶ ወደ ኮሬብ ደረሰ (1ነገ. 19፥4-8)። ሐዋርያትም ከጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ተነሥተው በጌቴሴማኒ ተኙ (ማቴ. 26፥36-46)።

እኛም 55 ቀን ጾመን በትንሣኤ ሌሊት “አለቀ” እንላለን። ሁዳዴን ሙሉ ጠጅ ያልቀመሰ አፍ በፋሲካ ማግሥት ይሳደባል። ሰሙነ ሕማማትን ሲሰግድ የሰነበተ ጉልበት እስከ ሚቀጥለው ዓመት ቤተ ክርስቲያን አይረግጥም። ወገኔ፣ ጾሙ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ጾምና ስግደት ባይኖር ጸሎቱ፣ ምጽዋቱ፣ ዕርቁ፣ ቅዱስ ቊርባኑ ይቀራል ያለ ማን ነው? ስእለቷን ያደረሰችው እኅቴ በጻድቃኔ ደጅ ስትሳለም ጉዞዋ አልቆ አልነበረም፤ ዋናው በር ገና ቦሌ ይጠብቃት ነበር።

3. የሚጠይቅህን ሰው አትጥላ

ያዳነን ሾፌሩ ነው። አብሮን አልተጓዘም፣ እግሩ አልቆሰለም፣ ነጠላም አላጣፋም። እንዲያውም በጉዟችን መጀመሪያ፣ “ይኼ ሰው ጾሙን እንኳ ይጾም ይሆን?” ብዬ በልቤ ፈርጄበት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የተሳለምን እኛ ተኝተን፣ ያልተሳለመው ነቅቶ ጠየቀን። የነቃ ሰው አንዲት ጥያቄ ትበቃዋለች።

አንተስ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅህ አለህ? የንስሐ አባትህን ካገኘሃቸው ስንት ጊዜ ሆነህ? እኅቴ ሆይ፣ አባት ከሌለሽ ዛሬውኑ ከአጥቢያሽ ካህን ጠይቂ። “ለሕማማት እደርሳለሁ” አትበሉ። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አታደርግም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድማ ትጸልያለች። እስቲ አስቡት፦ ዘንባባ ይዘን ቆመን ሳለን ከመካከላችን ለማን እንደሚደርስ ያልታወቀ ፍትሐት ይደረጋል። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ሰዓቱ በእኛ እንዳልተቆረጠ ታውቃለች።

በዚያ በር ማንም ለማንም አይገባም። አሥሩ ደናግል ሁሉም አንቀላፍተው ነበር፤ ልባሞቹም ተኝተዋል። ልዩነቱ በእኩለ ሌሊት ጥሪው ሲሰማ አምስቱ ዘይት በእጃቸው መገኘቱ ነው። ዘይቱንም ልዋሰው ያለ አላገኘም (ማቴ. 25፥1-13)። የእናት ጸሎት እስከ በሩ ይሸኛል፤ የካህን ምክር ሻንጣ ይሸከማል። በስምህ የሚጠየቀውን ግን አንተ ትመልሳለህ።

ለመንገደኞች ምድራዊ ምክርም ልጨምር፤ ነውር የለውም። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው። 4:30 ካያችሁ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ የረፋዱ ቢሆን 10:30 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነውና “የእሑድ” የተባለው ቅዳሜ ማታ ከቤት የሚያስወጣ ሊሆን ይችላል። ከረጅም ጉዞ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፉ። ስእለት የሚያደርስ ሰው ጥንቃቄን አይተውም፤ እግዚአብሔርን መታመንና ቲኬትን ደግሞ ማንበብ አይጣሉም።

እንግዲህ ለትንሣኤ አራት ሳምንት ቀርቶናል። ግማሹን ሄደናል፤ እግራችንም ሳይቆስል አልቀረም። ይህን ጽሑፍ ስታጥፉ ሰዓታችሁን እዩና ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምቆጥረው በማን አቆጣጠር ነው?

የደከመውን ኤልያስን በመልአኩ የቀሰቀሰ አምላክ እኛንም ከእንቅልፋችን ያንቃን፤ በስደት ያሉ እኅቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።