እንግዳዪቱን ልቀበላት ወይስ ይቅርብኝ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ በቅድስት ማለት ነው፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ገና ውኃ በአፌ ሳላደርግ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ታላቅ እኅቴ ናት። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እኔ እትዬ ነው የምላት። እሷ ደግሞ ድቁና ከተቀበልኩ ወዲህ ምክር ስትፈልግ ‹‹ዲያቆን›› ትለኛለች፤ ስትቆጣኝ በልጅነት ስሜ ትጠራኛለች። ያን ቀን ‹‹ዲያቆን›› አለችኝ።

‹‹ልጄ ትምህርት ቤት አንዲት ሴትዮ መጥታ ነበር። ከውጭ አገር ለአንድ ዓመት ሊማሩ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ እነሱን የሚያስጠጋ ቤተሰብ ትፈልጋለች። ለእኛ ያሳየችን የ16 ዓመት ልጅ ናት፣ ከኢንዶኔዥያ። ሙስሊም ናት። ልጄ ‹እማዬ እንቀበላት› ብላ ወጥራ ይዛኛለች። አባቷ ዝም ብሏል። አንተ ምን ትላለህ?››

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አሜሪካኖቹ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል የሆኑ ተማሪዎችን ከሌላ አገር ለአንድ መንፈቅ ወይም ለአንድ የትምህርት ዓመት ያስመጣሉ። ልጆቹ እንደ ቤት ልጅ ሆነው ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ቤተሰቡ ደመወዝ የለውም፤ ያበላል፣ ያሳድራል፣ ወጥተው መግባታቸውን ያያል። የኪስ ገንዘባቸውና የሕክምና ዋስትናቸው አብሯቸው ይመጣል። ልማዱ የቆየ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ በአምቡላንስ ቁስለኛ ያመላልሱ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ኤ.ኤፍ.ኤስ. በሚባለው ማኅበራቸው አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1947 ተማሪ መለዋወጥ ጀመሩ። ያን ሁሉ ሬሳ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች የአንዱ አገር ልጅ ከሌላው አገር ማዕድ ቢቀርብ ይሻላል ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ደግሞ፣ በ2002፣ ሙስሊሞች በብዛት ከሚኖሩባቸው አገሮች ወጣቶችን የሚያስመጣ የመንግሥት ፕሮግራም ተጨመረ።

እኔ ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ሳልውል ሳላድር መለስኩላት። ‹‹አይሆንም እትዬ። ጾም አለ፣ ጸሎት አለ። ሥጋውስ እንዴት ሊሆን ነው? የልጆችሽስ እምነት?›› አልኳት። እሷም ‹‹እሺ በቃ›› አለችና ዘጋች። እውነቱን ልናገርና፣ ጥሩ የመከርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ሳትል፣ ‹‹አንተን ጎጃም ማን ነበር ያስጠጋህ? እኔ ነኝ?›› አለችኝ።

ይኼኔ አፌ ተዘጋ። በ13 ዓመቴ ነው ቅኔ ልማር ከሰሜን ሸዋ ወደ ጎጃም የሄድኩት። አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ለምዴን ደርቤ፣ በየደጃፉ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያልኩ ከውሻ ጋር እየታገልኩ ነው የተማርኩት። የቆሎ ተማሪ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ክረምት ወባ ያዘኝ። ዝናብ እየወረደ አንድ አጥር ሥር ወድቄ የቤቱ ባለቤት አገኘችኝ። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ስምህ ማን ነው አላለችኝም፤ የማን ልጅ ነህም አላለችኝም። መደቧን ለቀቀችልኝ፤ እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ላይ ቁርበት አንጥፋ ተኛች። እስከ መስቀል ድረስ እዚያው ነበርኩ።

አሁን ደግሞ ከዚያ ጋር አብሮ የሚነገር ሌላ ነገር አለ፤ ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም። እኔ ተኝቼ ሳለሁ አንድ የጎጆዬ ልጅ እሱም ታሞ በሯ ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆማ፣ ‹‹ልጄ፣ ሁለት በሽተኛ ከያዝኩ ሁለታችሁንም እገድላችኋለሁ›› አለችው። ከዚያም ነጠላዋን ተከናንባ እጁን ይዛ በዝናብ ወንድሟ ቤት ድረስ ወሰደችው። ጨለማ ሆኖ ነው የተመለሰችው። ያን ጊዜ ‹‹ጨከነች›› ብዬ ነበር። የልጅ ነገር።

እናቴ ቀጠለች። ‹‹ያን ክረምት ሙሉ ያለህበትን አላውቅም ነበር። ልጄን ያስጠጋችልኝን ሴት፣ ማን እንደሆነች ሳላውቅ፣ ማታ ማታ እጸልይላት ነበር። ያቺ ልጅስ እናት የላትም?››

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ ማሰብ የጀመርኩት። እንግዳ ስለ መቀበል ሲነሣ ሁላችንም አባታችን አብርሃምን እንጠራለን። ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ መንገድ ላይ እየተቀመጠ ‹‹አብርሃም መታኝ›› እያለ እንግዶችን እንደመለሰበት፣ አብርሃምም እንግዳ አጥቶ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ እንደቆየ፣ በመጨረሻ ሥላሴ በመምሬ ዛፍ ሥር እንደተገለጹለት አባቶቻችን ያስተምሩናል። አብርሃም እንግዶቹን ባየ ጊዜ ሮጠ እንጂ አልተቀመጠም (ዘፍ. 18)። ደጅ የቆመ፣ የመሸበት፣ የታመመ ሰው ሲመጣ ጥያቄ የለውም። ያቺ የጎጃም ሴት እኔን ስታነሣኝ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የእትዬ እንግዳ ግን ደጅ የቆመች አይደለችም። አራትና አምስት ወር ቀድሞ ፎርም የተላከባት፣ ነሐሴ ላይ የምትመጣ፣ እምቢ ብትባል ሌላ ቤት የሚፈለግላት ልጅ ናት። ጊዜ ሲኖር ሰው ይቆጥራል። መቁጠር ኀጢአት ነው ወይ? በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ስላለኝ ይሆናል፣ እኔስ መቁጠርን አልጠላውም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)።

ለእኅቴ ጉዳይ ከአብርሃም ይልቅ የምትቀርባት ሱነማዊቷ ሴት ሆና አገኘኋት (2ነገ. 4፥8)። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕን አንድ ቀን ምሳ አብልታ አልተወችም። ደጋግሞ በመንገዱ እንደሚያልፍ ባየች ጊዜ አስባ፣ አስቀድማ ለባሏ ነገረችው። ከዚያም ትንሽ ክፍል ከሰገነት ላይ፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረች። አያችሁ፣ ቆጠራ ነው! የቆጠረችው ግን እንግዳው የሚያስፈልገውን ነው። ከእሱ የምታገኘውን አልቆጠረችም። ኋላ ኤልሳዕ ራሱ ‹ምን ላድርግልሽ› ብሎ ሲያስጠይቃት እንኳ ከሕዝቤ ጋር በሰላም እኖራለሁ ብላ ምንም አልለመነችም።

አሜሪካኖቹም መጽሐፉን አንብበው ይሁን አላውቅም፣ ሕጋቸው ከሱነማዊቷ ብዙ አይርቅም። ተማሪዋ የራሷ አልጋ ሊኖራት ይገባል፤ ክፍል ብትጋራ ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ነው፤ የምታጠናበት ቦታ ያስፈልጋል። አስተባባሪዋ ቤቱን መጥታ ታያለች። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ የሆነ የቤቱ ሰዎች ሁሉ የወንጀል መዝገባቸው ይጣራል። በየወሩም ልጅቱንም ቤተሰቡንም ያነጋግራሉ። አንዳንድ ወገኖቻችን በዚህ ይቆጣሉ፤ ‹‹እኔን እንደ ወንጀለኛ!›› ይላሉ። የሰው ልጅ አደራ የሚሰጥ ሰው ባይጠይቅ ነበር የሚያስቆጣው።

ክፉው ቆጠራ ሌላ ነው። ‹‹ትንሹን ልጅ ትጠብቅልኛለች፣ ዕቃ ታጥብልኛለች›› የሚል አለ። እንደ ቤቱ ልጅ የበላችበትን ሳህን ማንሣቷ ደግ ነው፤ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ማድረግ ግን ግፍ ነው። የአክስቴ ልጅ በ19 ዓመቷ ጅዳ ሄዳ ሁለት ዓመት ኩሽና ውስጥ ወለል ላይ ተኝታለች፤ እናቷ ድምፅዋን የሰማችው በጣት በሚቆጠር ቀን ነው። በእሷ ያለቀስን ሰዎች ይህን ቆጠራ መቁጠር አይገባንም።

ሌላው ደግሞ የእኔ ቢጤው የቤተ ክርስቲያን ሰው የሚቆጥረው ነው። ‹‹ማን ያውቃል፣ ትጠመቅ ይሆናል›› ይላል። ይህን የምለው እምነታችንን አቅልዬ እንዳይመስላችሁ። ነገር ግን ልጅቱ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ከእናቷ ርቃ በሰው ቤት ትበላለች። በሰው እንጀራ ላይ ያለ ሰው እሺ ቢል እሺታው የራሱ አይደለም። በእኔ ላይ ቢደረግ ኖሮ እናቴ ምን ትል ነበር? ቤተ ክርስቲያን ላይ ካለች ነጠላ አልብሶ መውሰድ ነው። አልመጣም ካለች ደግሞ ፊት ሳይነሡ መተው። እሷም ለጸሎቷ ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋታል። ይህን በቤቴ አላይም የሚል ሰው ቢኖር አስቀድሞ በግልጽ ይናገር፤ ነውር የለውም። ልጅቱን ከውቅያኖስ ማዶ ካስመጡ በኋላ ፊት ማጥቆር ነው ነውሩ።

ሥጋውን በተመለከተ እኅቴን ያስፈራራኋት እኔ ነኝና ልመለስበት። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ ግን ጉርብትናን አልከለከለም። ወሎ ብትሄዱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ሠርግ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፣ በየድስቱ ይሠራል፣ ዘመድ ግን አንድ ላይ ይሰበሰባል። ደግሞስ በጾም ምን ሥጋ አለ? ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ማንንም አይለይም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የክርስቲያን ቤት ማዕድ ሙስሊም እንግዳ ያለ ሥጋት የሚቀርብበት ማዕድ ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው በጾሙ ያሳበብኩት።

የልጆቹ እምነት ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የእትዬ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። እንግዳዋ ‹‹ለምን ቅቤ አትበሉም? ለምን ትሰግዳላችሁ?›› ብላ መጠየቋ አይቀርም። ልጃችን መልስ ካጣች ግን የጎደለው ከእንግዳዋ መምጣት በፊት ነው፤ ያጎደልነውም እኛ ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰንበት ትምህርት ቤት አልወሰድናት ይሆናል። ይህን ጉድለት በኢንዶኔዥያዊቷ ማመካኘት አይቻልም።

እምቢ ማለት የሚገባበትም ቤት አለ። ባልና ሚስት የሚጣሉበት፣ መጠጥ ያለበት፣ ሁሉም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛበትና ሰው የሌለበት ቤት ልጅ አይጠራበትም። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እትዬ ‹‹አባቷ ዝም ብሏል›› ያለችው ነው። ዝምታ እሺታ አይደለም። ሱነማዊቷ ከባሏ ጋር ነው የጀመረችው።

በሦስተኛው ሳምንት እኔው ደወልኩ። ‹‹እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽን ተዪው፤ ቸኩዬ ነው። ግን ጋሼን ቁጭ ብለሽ ጠይቂው›› አልኳት። ስትስቅ ሰማኋት። ለካ ጠይቃዋለች። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል፤ መኝታ ቤታቸው ሁለት ብቻ ነው። ‹‹ልጅቱን አልጠላሁም፤ ዓመት ሙሉ እየተነጫነጭኩ ላኖራት ነው የማልፈልገው›› ብሏታል። እትዬም ለአስተባባሪዋ ይህንኑ እንዳለ ነገረቻት። አስተባባሪዋ አልተቀየመችም። ቋሚ ቤት እስኪገኝ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀበል ቤተሰብም እንደሚፈለግ፣ ምርመራው ግን ያው መሆኑን አስረዳቻቸው። ያን ጊዜ ጋሼ ‹‹ይህንስ እችላለሁ›› አለ።

ልጅቱ ነሐሴ ላይ መጣች። ትንሹ ልጅ ወደ ወላጆቹ ክፍል ተዛወረ፤ አልጋና ጠረጴዛ ተገዛላት። ሰባት ሳምንት ተቀመጠችና አሥራ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ወደሚኖሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ሄደች። እትዬ ራሷ ናት በመኪና ያደረሰቻት። ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ እንዳለቀሰች ነገረችኝ።

በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ልጅቱ ዓርብ ዓርብ ማታ እትዬ ቤት ትመጣ ጀመር። የእትዬ ልጅም ቅዳሴ ባይኖርም ‹‹ከእሷ ጋር ነው የምበላው›› ብላ ፀሐይ እስክትገባ ትጠብቃለች። አንድ ዓርብ በምስል ደወሉልን። እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ እኔ ለሰዓታት ልወጣ ልብሴን እየፈለግሁ፣ እናቴም እንደ ልማዷ ለጸሎት ተነሥታ። ጠረጴዛው ላይ ተምርና ሽሮ ይታያል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝና ልጅቱን አየቻት። ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የላትም።

‹‹እናትሽ ደወለችልሽ?›› አለቻት።

የእትዬ ልጅ አስተረጎመች። ልጅቱም አዎ፣ ጠዋት ደውላ ነበር አለች።

‹‹በይ ብዪ፣ ይበርድብሻል›› አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።