ቀድሞ የነበረው ማን ነው?

ልጆቼ፤ በአንድ አገር ላይ ቀድሞ መኖር ብቻውን መብት ይሰጣልን? ወይስ አሸንፎ መያዝ ይሰጣል? ይህ ለፍርድ ቤት ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የሚነሣ የኅሊና ጥያቄ ነው። እኔ ነገሩን ማሰብ የጀመርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ተማሪ ተነሥቼ ነው፤ የጀመርሁትም በማፈር ነው።

የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ በጎባ አካባቢ የታሪክ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አገኘ ብዬ ሳስተምር አንድ ልጅ ተነሣና፣ «ጋሼ፤ ሰው ይኖርበት ከነበረ እንዴት አገኘ ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኝ ስለ ኢንካዎች ነገርሁት፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ ታላቅ መንግሥት እንደ ነበራቸው፣ ፊደል ሳይኖራቸው በገመድ ቋጠሮ መዝገብ ይይዙ እንደ ነበር፣ እስፓኛዊው ፒዛሮም በ1532 እ.ኤ.አ. ንጉሣቸውን አታሁዋልፓን ማርኮ በኋላ እንዳስገደለው። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «እሺ ጋሼ፤ ጎባ ከተማ ሳትሆን እዚህ የነበሩትስ?» አለኝ። «መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ለፈተናም አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልሁት።

ለባሕር ማዶ ሕዝብ ያዘንሁ ሰው ስለ ደጄ ሰዎች ሲጠይቁኝ አፌን ዘጋሁ። ምክንያቱን አውቀው ነበር። ቅድመ አያቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነው፤ የልጁ አባቶች ደግሞ ገባሮች ነበሩ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከመተኛታችን በፊት የዕለቱን ሥራችንን እንድንመረምር አስተምረውን ነበርና ያ ልማድ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ቅዳሜ ወደ ልጁ አያት ቤት ሄድሁ። ሽማግሌው ወተት አስቀረቡልኝና የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኋቸው፤ ልጁ እያስተረጐመ። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ጽዋውን እንዲሞላልኝ ልጁን አዘዙት። ቀጥለውም የአባቶቻቸውን ስም ወደ ኋላ እየቈጠሩ፣ አባታቸው ለወታደር ቤት እህል እንዴት ይሰፍሩ፣ ማገዶ እንዴት ይሸከሙ እንደ ነበር አጫወቱኝ። ኢንካዎች በገመድ የቋጠሩትን እሳቸው በቃል ቋጥረውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ምድር ማንበብ ያዝሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባሌ ለዓፄ ዐምደ ጽዮን የሚገብር የእስልምና ሱልጣኔት ነበር። ከየአገሩ ሰው የሚሳለምበት የድሬ ሼክ ሁሴን መቃብርም የዚያ ጥንታዊ እስልምና ምስክር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት አለፈበት፤ በዚያው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ከመደ ወላቡ አካባቢ ተነሥቶ በሰፊው ተንቀሳቀሰ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ራስ ዳርጌ ከብዙ ውጊያ በኋላ አርሲን አስገበሩ፤ ባሌም ተከተለ፤ ጎባ የአገረ ገዥ መቀመጫ ሆነች። የመሬትና የግብር በደል ሲጠራቀም ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱና ሌሎችም የመሩት ዐመፅ ተነሣ።

ታዲያ መጀመሪያው ማን ነው? በ2011 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች ላይ ፍንጫ ሀበራ ስለሚባል ዋሻ ጽፈው አሳወቁ። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር ይበልጣል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት፣ የተራራው ራስ በረዶ በለበሰበት ዘመን፣ ሰዎች በየጊዜው እየመጡ እዚያ እሳት አንድደዋል፤ ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል፤ ከላይ ካለው ደጋ ባልጩት አምጥተው ስለት ሠርተዋል። እነዚያ ሰዎች ምን ቋንቋ እንደ ተናገሩ የተረፈ ምልክት የለም። ዛሬ ከመካከላችን «እነሱ የእኔ ናቸው፤ አንተ ውጣ» ሊል የሚችል ማን አለ?

እንግዲህ ቀድሞ መኖር ሌላውን ለማባረሪያ ሰነድ አይሆንም። ነገር ግን አሸናፊው ይህን ሰምቶ ደስ አይበለው፤ ድልም የነበረውን እንዳልነበረ ለማድረግ ሥልጣን አይሰጥምና። ሁሉም ከአንድ ስፍራ መጥቷል ማለት ማንም አልተበደለም ማለት አይደለም።

«የድሮውን ቍስል መነካካት ጠብ ያመጣል» የሚሉ አሉ። እኔም ልጁን ተቀመጥ ያልሁት ይህን ፈርቼ ነበር። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዝም ስንል የሚረሳው የወጋው ወገን ብቻ ነው። ሽማግሌው ግን ሁሉን እያስታወሱ ጽዋዬን ሞሉልኝ፤ ማስታወስና መበቀል አንድ እንዳልሆኑ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቅድመ አያቴ ስላደረገው ነገር እኔ አልከሰስም፤ እሱን በሚመለከት ለልጆቼ ስለምነግረው ቃል ግን እጠየቃለሁ። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ የገባር ልጅም ሁኑ የወታደር ልጅ። ሰኞ ዕለት ወደ ክፍል ገብቼ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ «ባለፈው የተጠየቅሁትን ሳልመልስ ቀርቻለሁ» አልሁና ጠመኔውን ለዚያ ልጅ ሰጠሁት። ከአያቱ የሰማውን የአባቶቹን ስም አንድ በአንድ በሰሌዳው ላይ ጻፈ።