ትርፍ የሌለው ደስታ ኀጢአት ነውን?

ሰው ገንዘብ በማያገኝበት፥ ዕውቀትም በማይጨምርበት ነገር ደስ ቢለው፥ ያ ደስታ ኀጢአት ይኾንበታልን? ይህን ጥያቄ የማነሣው ሌላውን ለመመርመር አይደለም፤ እኔ ራሴ ብዙ ዘመን ክፉ መልስ ስሰጥበት የኖርኹ ሰው ስለ ኾንኹ ነው እንጂ።

የምኖረው በደብረ ሲና ነው። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣርማ በር ገደል በታች ትገኛለች። ብርድና ጉም አያጣትም፤ ስለዚህ የሱፍ ልብስ በእኛ ዘንድ ጌጥ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጕር ለባናና ለበርኖስ እንደሚኾን ኹሉ ያውቃል።

በጎረቤቴ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከደጃፋቸው ተቀምጠው በኹለት ረጃጅም መርፌ ሹራብ ይሠሩ ነበር። አንዳንድ ጊዜም የሠሩትን ኹሉ ተርትረው እንደ ገና ይዠምራሉ፤ ምክንያቱን ቢጠይቋቸው «መልኩ ደስ አላለኝም» ይላሉ። እኔ በዚያ ጊዜ ገና ጐልማሳ፥ በትምህርት ቤትም ደቂቃን እንደ ሳንቲም መቍጠር የተማርኹ ነበርኹና፥ አንድ ቀን «እሜቴ፥ ይህ ከገበያ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው፤ ጊዜዎን ስለ ምን ያባክናሉ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን ከክሩ ሳያነሡ «ልጄ፥ እኔ ይህን እየሠራኹ ያልኸውን ኹሉ ሰማኹ፤ አንተ ግን ባዶ እጅኽን ተቀምጠኽ ወደ መንገዱ ታያለኽ» አሉኝ። ተቈጥቼ ተነሣኹ።

በዋጋው ነገር ግን የተናገርኹት ሐሰት አልነበረም። ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. የሹራብ መሥሪያ መኪና ካወጣ ወዲህ፥ በእጁ የሚሠራ ሰው ከመኪና ጋራ በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ደግሞም ጣቢታ የምትባለው የኢዮጴ ሴት በሞተች ጊዜ መበለቶች የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩ እንዳለቀሱ በሐዋርያት ሥራ ተጽፎአልና፥ የእጅ ሥራ ለድኻ ሲሰጥ መልካም መኾኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን እኒያ ባልቴት ለድኻ ብቻ አልሠሩም፤ ደስ ስላላቸው ሠርተው፥ ደስ ስላላላቸው የሚተረትሩ ሰው ነበሩ። ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ሸማኔ ድርና ማግ አለው፤ ጕድጓዱ ውስጥ ገብቶ በእጁም በእግሩም ይሠራልና እንግዳ ቢመጣበት ይቸግረዋል። ሹራብ ግን አንድ ክር ብቻ ነው፤ ቀለበቱ በቀለበት ውስጥ እየገባ ይያያዛል። ከጭን ላይ ይውላል፤ ሰው ሲመጣ ይቀመጣል፥ ሲኼድ ይነሣል። አንዱ ቀለበት ያመለጠ እንደ ኾነ ከሥሩ ያለው ተከታትሎ ይወርዳል፤ ኾኖም ኹሉ ቢተረተር እንኳ ክሩ አይጠፋም፤ ተጠማዞ የቀረውን አጥበው ክብደት አንጠልጥለውበት ሲደርቅ ይቃናል። ይህን ያወቅኹት ዘግይቼ ነው።

በዚያው ዓመት የአንድ ባልንጀራዬ ልጅ ታመመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባትዮውን ጧት ጧት በመንገድ እያገኘኹት እጅ ነሥቼ ዐልፈው ነበር። የልጁን መታመም የሰማኹት በቀብሩ ቀን ነው። ባልቴቲቱ ግን ከመዠመሪያው ቀን ዐውቀዋል፤ ማታ ማታ ከደጃፋቸው እየተቀመጠ ይነግራቸው ነበርና። በእጃቸው የነበረውም ትንሽ ሹራብ ለዚያ ልጅ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ከቸኰልኹበት ጕዳይ ዛሬ አንዱን እንኳ አላስታውስም።

እንግዲህ እንደ እኔ አሳብ፥ ስለ ደስታ የሚጠየቀው ምን አተረፈ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ደስታ ውስጥ ሳለን ሰው ቢመጣብን እንሰማዋለንን? ተብሎም ነው። መጠጥ ጆሮን ይደፍናል፤ ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርገናል፤ የከበረ የተባለ ሥራ እንኳ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ሹራብ መሥራትም ኹልጊዜ ንጹሕ ነው አልልም፤ ክር እየቋጠሩ የጎረቤትን ስም የሚተረትሩ አሉ፥ በትንሽ ከተማም ይህ በሽታ ይብሳል።

ሹራብ ልማር ብዬ ጣቴ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ያለ ጕዳይ በእግር መኼድን ተማርኹ። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዙበት ዘመን የጣርማ በርን ተራራ በስተው መንገድ አውጥተዋል፤ በአውቶሞቢል የሚያልፍ ሰው ጥቂት ጨለማ አይቶ ይወጣል። በእግሩ ከላይ የሚወጣ ግን ጅብራውን፥ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሣር በጣቱ እየነጨ የሚበላውን ጭላዳ፥ ከበታቹም የተዘረጋውን ቈላ ያያል። ኹለት ጊዜ ሳላርፍ ልወጣው አልችልም፤ ጕልበቴ ደክሟል።

ያ ባልንጀራዬ አንዳንድ ጊዜ አብሮኝ ይወጣል። ስለ ልጁ ብዙ አንነጋገርም። ባለፈው ጊዜ አንዲት ጭላዳ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ስትግጥ አይቶ ቆመ፤ እኔም ቆምኹ፤ ጉሙ ከቈላው ተነሥቶ እስኪሸፍናት ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስንም።