የዘር እህልና የተራበ ሰው

ክርስቲያን በረኃብ ቀን ለዘር ያኖረውን እህል ቢበላ በደል ይሆንበታልን? ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በድሬዳዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ መልካ ጀብዱ ወርዶ ዝናም የጠፋበትን ገበሬ ይጠይቅ። ገበሬው ምርጡን የማሽላ ራስ ለከርሞ ብሎ ከምድጃው በላይ ከጢሱ ሰቅሎታል፤ ከምድጃው አጠገብ ደግሞ ልጁ እህል ብሎ ያለቅሳል።

በዚሁ በድሬዳዋ ሐዲድ፥ በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩስያ ሊቅ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በምድር ባቡር ተጕዞ ነበር። ይህ ሰው የአዝርዕት ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ፥ በዘመናትም ብዛት እንዴት እንደሚለዋወጥ የመረመረ ነው። በበቅሎ ብዙ አገር ዞሮ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዓይነት ቢያይ፥ አገራችንን ከአዝርዕት ዋና ዋና ምንጮች አንዷ ናት ብሎ ቈጠራት። በአገሩ ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የዘርን ሕግ ክዶ፥ ፈጥኖ የሚደርስ መከር ለመንግሥት ተስፋ ስለ ሰጠ፥ እውነቱን የተናገረው ቫቪሎቭ ተጠላ። በ1932 ዓ.ም. ታሰረ፤ ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ መንምኖ ሞተ።

ሌኒንግራድ ከ1933 እስከ 1936 ዓ.ም. በጠላት ጦር ተከባ ሳለች ደግሞ፥ እርሱ የሰበሰበውን ዘር የሚጠብቁ ባልንጀሮቹ እህሉ በእጃቸው እያለ በረኃብ አለቁ። የሩዙ ጠባቂ የሞተው በሺህ በሚቈጠር የሩዝ ከረጢት መካከል ነው።

ዳዊት በተራበ ጊዜ የተቀደሰውን ኅብስት በላ፤ ጌታችንም አልነቀፈውም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ስለ ከንቱ ነገር ሞቱ እንበልን? አንልም። ዳዊት የበላው ኅብስት ትኵስ ኅብስት የተተካበት ነበረ፤ ከምድር የጠፋ ዘር ግን ተተኪ የለውም። ነገር ግን እነርሱ የሰጡት የገዛ ሕይወታቸውን ነው፤ አባት የልጁን ሕይወት ስለ ማሽላ ዘር ይሰጥ ዘንድ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ዘሩን ፈጭቶ ያበላውን ገበሬ የሚነቅፍ ሰው (ስለ ዘር መስበክ የሚቀናው የጠገበ ነውና) አስቀድሞ የራሱን ጎተራ ይመርምር። ጎረቤቱ አንድ ቁና ቢያበድረው ኖሮ ያ የማሽላ ራስ ከጢሱ ባልወረደም ነበር።

ዮሴፍ ለግብፃውያን እህል ብቻ ሳይሆን ዘርም ሰጣቸው። በእኛም አገር ዶክተር መላኩ ወረደ፥ ገበሬው የአባቶቹን ዘር በገዛ ማሳው እየዘራ እንዲጠብቅ፥ ለክፉ ቀንም የዘር ክምችት እንዲኖረው ብዙ ደክመዋል፤ ስለዚህም ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።